የቦዩ መዝገብ

አሥራ አራት አባወራ፣ ዘጠኝ የአህያ ጋሪ፣
አንዲት ዐይነ ስውር ግመል፣ አንድ ደብተር፣ አንድ መሪ፤
ከምድር ባቡር ጓሮ የተለቀመ የሐዲድ ቁራጭ፣
በማዳበሪያ ከረጢት ዘር፣ በጠርሙስ ናፍጣ፣ በወረቀት ምላጭ።

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ ቀድሞ፤
ባቡሩ ከቆመ ወዲህ እጄ ሥራ በመፍታት ደክሞ፣
«ቆጠራ ትችላለህ» ብለው ደብተሩን ሰጡኝ።

መምህር ይኄይስ፣ በጥጥ ፋብሪካ ፈትል ሲቀጥል የኖረ፣
አንድ ሌሊት ሳቢያን ላይ ሕልም አየሁ ብሎ ነገረ፤
«ወንዝ አየሁ በጎን የሚሄድ፣ በሰው እጅ የታጠፈ፣
ከዳሩ የቆመው ማሽላ የሰውን ቁመት ያለፈ።»
አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አለቀሰ፤
አሥራ አራት ሰው የቤቱን ቁልፍ ለአከራዩ መለሰ።

ደቻቱን በደረቁ ተሻገርን፣ አሸዋው የጋሪ እግር ዋጠ፤
መልካ ጀብዱን ስናልፍ ሰማዩ እንደ ብረት ጋለ፣ ቀለጠ።
በሦስተኛው ቀን የዘርጋው ልጅ፣ ገና የሁለት ዓመት፣
በተቅማጥ ሞተችብን፤ ከጋሪ ሳንቃ ሠራንላት ቤት።
ስሟን ጻፍኩ። ከሥሩ፦ «ጋሪ፣ ስምንት።»

ደረስን። ከኤረር ወንዝ ወዲህ፣ ግራር የወረሰው ሜዳ፤
መምህሩ ተንበረከከ፣ ላቡ ከአገጩ ሲቀዳ።
«ጌሤም ትባል» አለ። በቀይ ጻፍኩ፣ በትልቁ፦
«ጌሤም። ባዶ መሬት። ባለቤት የለውም።»
ይህን ልብ በሉ፣ እንዳትስቁ።

ማታ በቆርኪ ዕጣ ተጣለ፣ ሰባ በሰባ እርምጃ፤
ለመበለቷ ለዓፀደ ድንጋዩ ደረሳት፤ ለምን? እንጃ።

ከዚያ ቦይ። አርባ ሁለት ቀን፤ በአካፋ፣ በዶማ፣ በድስት ክዳን፤
የውሃ ልኩን በጠርሙስ ለካን፣ አጋደለና ከዳን።
መዝጊያውን ከሐዲድ ሠራን፤ ዕድሜውን ባቡር ተሸክሞ፣
በስተርጅና ውሃ ጠባቂ ሆነ፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ።
ውሃው መጣ። ቀስ ብሎ፣
ቅጠልና ጉንዳን አዝሎ።
አልዘመርንም። የዘርጋው ሚስት ብቻ እጇን ነክራ ቀረች።

በነጋታው ሮብሌ መጣ፤ ከኋላው ስልሳ ግመል፤
በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቦያችንን አየ፣ እንደ ቁስል።
«ማን ፈቀደ?» አላለም። የስፍራውን ስም ጠየቀ።
«ጌሤም» አልን። ሳቀ።
«ያንን ግራር አያችሁት? አያቴ ከሥሩ ነው ያለ፤
የለቀማችሁት ድንጋይ እንዲያው በከንቱ አልተጣለ።
በበጋ እንሄዳለን፤ መሄድ ግን መተው አይደለም፤
ከዚህ እስከ ተራራው ድረስ ስም የሌለው ግራር የለም።»
(ቃሉን ያሻገረልን ቡሽራ ነው፣ የሻይ ቤት ልጅ፣ የጎታ ሰው፤
ሦስት ቋንቋ አፉ ውስጥ ይዞ ለአንዱም ያላደላው።)

ወንዶቹ ዶማ ጨበጡ። መምህሩ ዝም፤ ሕልሙ ይህን አላሳየውም።
ዓፀደ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ አንድ ቃል አልተናገረችም።
ከማሳዋ ዳር የከመረችውን ድንጋይ አንድ በአንድ ወስዳ፣
እንደ ነበር ደረደረች፤ እጇ እስኪላጥ፣ ባዳ ለባዳ።
ሮብሌ አየ። ብዙ ቆየ።
ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንዲት ድንጋይ አቀበላት።

ውላችን ማኅተም የለውም፣ የአውራ ጣት ቀለም እንጂ፦
ሁለት ቀን ውሃው የግመል፣ አምስት ቀን የማሽላ፤
ግራሩ አይነካም፤ ለአያትየው ይሁን ጥላ።
ነሐሴ ላይ ጎርፍ ወርዶ የቦዩን እኩሌታ በላው፤
የሮብሌ ልጅ ባይጮኽ ሌሊት፣ ስንታችንን በወሰደው።

ዛሬ ደብተሩን ገልጬ «ባዶ» ያልኩት ላይ መስመር ሳብኩ፤
አልፋቅሁትም፤ ይታይ፤ እኔው ነኝ ያበላሸሁ፣ የጻፍኩ።
ከዚያ ሄጄ የስፍራውን ስም ሮብሌን ጠየቅሁት።
ነገረኝ። ደገምኩ። ሳቀ። ደገምኩ። አሁንም ሳትኩት።
መነሻው ከጉሮሮ ነው፣ ከጥልቅ፣ ውሃ እንደሚቀዳ ሰው።
በምን ፊደል ልጻፈው?
ዐይኑ ዐ ትዝ አለችኝ፤
የኔታ በአለንጋ ያስጠኑኝ፣
«ከአልፋው በምን ትለያለች?» ስል «ዝም ብለህ ጻፍ» ያሉኝ።
ስድሳ ዓመት በዝምታ ስጽፋት ኖሬ፣
ድምፅዋን ሰማሁ፣ ገና ዛሬ።